ሞተር ያዳመጡ ሰዎች

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሳና መንገድ ባልተሠራለት አገር እየተንገጫገጨ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሁሌም የሚወሳው የዳግማዊ ምኒልክ መሳፈር ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያቺ መኪና ስትቆም ማን ያስነሳት ነበር?

ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና አመጣ። ተሰማ እሸቴ የተባሉ ወጣት ከእሱ ጋር ወደ ጀርመን ተልከው መንዳትና ሞተር መጠገን ተማሩ። እግረ መንገዳቸውንም እዚያው ጀርመን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሲመለሱ የቤተ መንግሥቱ መኪና ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ ኋላም ነጋድራስ ተባሉ። ከመጀመሪያዎቹ መካኒኮቻችን አንዱ ቅኔና ዜማ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ለእኔ እንዲሁ አጋጣሚ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሞተር የሚመረመረው በጆሮ ነበርና።

በዚያው ጊዜ በምዕራብ ጠረፍ ያለው ኩርሙክ ከመኪና ወሬ በጣም የራቀ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ከሱዳን ጋር ያለው ድንበር ሲሰመር፣ ከአሶሳ በስተ ሰሜን ምዕራብ በመንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው ይህ አካባቢ የሁለት መንግሥታት ጠረፍ ሆነ። ዛሬም በሁለቱም ወገን ኩርሙክ የሚባል ከተማ አለ፤ አንዱ የሱዳን፣ አንዱ የእኛ። አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን ለምኒልክ የሚገብሩት ወርቅ ነበር። ወርቁም በሰው ትከሻና በከብት ጀርባ ተራራውን ሁሉ እየወጣ ሸዋ ይደርስ ነበር።

መኪና በብዛት የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የመጣው ጦር ከኋላው ሺህ በሺህ ፊያትና ላንቺያ የጭነት መኪና አስከትሎ ነበር። ሕዝቡ "ትሬንታ ኳትሮ" ያላቸው እነዚያ ከባድ መኪኖች ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት በየመንገዱ ታይተዋል። ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታና ካቻቢቴ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላትም ያን ጊዜ ገብተው ቀሩ።

ጦርነቱ ኩርሙክም ደረሰ። በሐምሌ 1940 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር ድንበር ተሻግሮ የሱዳኑን ኩርሙክ ያዘ። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች አስለቀቁት፤ በመጋቢት ወር ደግሞ የቤልጂየም ኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ተቆጣጠሩ። እነዚህ ወታደሮች ከኮንጎ ተነስተው፣ ግማሹን በወንዝ ጀልባ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ሱዳንን አቋርጠው ነው የመጡት። በዚያ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ያለፈ ሞተር ምን እንደሚሆን ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ጣሊያን ሲሸነፍ ጥቂት ጣሊያናዊ መካኒኮች ቀሩ፤ ከእነሱ ሥር የሠሩ ልጆችም የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ሞኤንኮ በ1959 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ቶዮታን ወደ አገራችን ያስገባው እሱ ነው። አምቼ ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. የፊያትን የጭነት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። በዚያ ዘመን ወደ ወለጋ ጫፍ ቡና ልትጭን፣ ጨውና ጨርቅ ልታደርስ የምትወጣው ኤን ትሬ የተባለች ፊያት የሾፌርም የረዳትም ትምህርት ቤት ነበረች። ከሱዳን በኩል ደግሞ ቤድፎርድ ሎሪ በበጋ ወራት እየተንፏቀቀ ጠረፉ ድረስ ይመጣ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ምርመራ እንዴት ይሰጥ እንደነበር በዝርዝር ማየት ይገባል፤ በኋላ የመጣው መሣሪያ ምን እንደተካና ምን እንዳልተካ የሚታወቀው ከዚህ ነውና። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) እንዳለ መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ ያነሳል። ጫፉን ሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ባለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ከላይ ቀጭን ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ከመጣ ቫልቭ ነው። ከታች የወፈረ ምት ከመጣና ጋዝ ሲለቀቅ ከበረታ ብሮንዚና (የክራንኩ መሸከሚያ) ነው፤ መኪናዋ ከዚህ በኋላ መንቀሳቀስ የለባትም። የናፍጣ ሞተር ሲያነክስ ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄደውን የነዳጅ ቱቦ ብሎን በየተራ በቁልፍ ያላላዋል። ጥሩው ሲሊንደር ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ታማሚው ሲላላ ግን ምንም አይለወጥም፤ ድሮውንም አይሠራም ነበራ! ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው ይወርዳል።

የከፍታው ነገርም በእጅ የሚያዝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ፣ በሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ገደማ፣ አየሩ ስስ ነው። እዚህ የተስተካከለ ካርቡራተር ይዛ ወደ ኩርሙክ ቆላ የወረደች የቤንዚን መኪና አየር ይበዛባትና ነዳጅ ያንሳታል፤ ትሞቃለች፣ ዳገት ላይ ትሳሳለች። ከሱዳን ሜዳ ወደ አሶሳ የወጣችዋ ደግሞ በተቃራኒው ነዳጅ ይበዛባትና ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ስለዚህ ሾፌሩ ሲወርድም ሲወጣም ኮፈን ከፍቶ ካርቡራተሩን ይነካካል።

ይህን ሁሉ የሚቀይረው ነገር የተጠነሰሰው ግን እዚህ አልነበረም፤ መነሻውም የጥገና ጉዳይ አልነበረም። በ1943 እ.ኤ.አ. በጋ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ወረደ። ጦርነቱ ገና ስላላለቀ የመርዝ ጥቃት የመሰላቸው ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የኔዘርላንድስ ተወላጅ ኬሚስት ጭጋጉ ከመኪና ጭስና ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች የሚወጣ ትነት በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርድ አቋቋመች፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መኪና አምራቾች ነዳጁን በጠብታ መለካት ግድ ሆነባቸው፤ ካርቡራተር ደግሞ ይህን ያህል ጥንቃቄ አይችልም።

ስለዚህ ኮምፒውተር ገባ። ፎልክስዋገን በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቦሽ ጋር የሠራውን በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ የነዳጅ መርጫ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሚሸጣቸው የቤንዚን አውቶሞቢሎቹ የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ገጠመ፤ ብልሽት ሲያይም ዳሽቦርዱ ላይ "ቼክ ኢንጂን" የሚለውን መብራት እንዲያበራ አደረገ። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ መኪና ራሱን እንዲመረምር አስገደደች። ችግሩ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን መሰኪያና የራሱን ቋንቋ መፍጠሩ ነበር። የፎርድ መመርመሪያ ከክራይስለር ጋር አይግባባም፤ የቶዮታው ከሁለቱም ጋር።

እኛ ጋ በዚያ ወቅት ጭንቀቱ ሌላ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በመንግሥት ዕቅድ አሶሳ እንዲሰፍሩ የተደረጉት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጓጉዘው መጡ። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ዚልና ኡራል፣ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው ኢፋ በዚያ መንገድ ላይ ተፈትነዋል። በእነዚህ ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መለዋወጫም እንደዚያው።

በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ኮምፒውተሩ ቀስ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። ማስታወቂያም አልተነገረለትም፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ በሚመጡት ያገለገሉ ኮሮላዎች ኮፈን ሥር ተደብቆ ነበር። ባለቤቱ "ሞተሯ ትንቀጠቀጣለች" ብሎ ሲያመጣት መካኒኩ ካርቡራተር ፈልጎ ያጣል። አንዳንዱ ቀና ብሎ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሽቦ ነቃቅሎ አባሰው። ጥቂቶች ግን ምስጢሩን ደረሱበት።

ምስጢሩ ይህ ነው። ከሞተሩ አጠገብ "ዲያግኖሲስ" የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ሲነሳ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ከእነሱ መካከል ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ይፈለጋሉ። ከአሮጌ ገመድ የተቆረጠች ሽቦ ጫፍና ጫፏ ተልጦ ሁለቱን ታገናኛለች። ቁልፉ ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከዚያ ሁሉም ዳሽቦርዱ ላይ ያፈጣል። መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ቅሬታ የለውም። ሁለቴ በርቶ፣ ፋታ ወስዶ፣ እንደገና ሁለቴ ከበራ ኮዱ 22 ነው፤ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ወይም ሽቦው ተበላሽቷል ማለት ነው። አንዴ በርቶ ፋታ ወስዶ ሁለቴ ከበራ 12 ነው፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር አላየም። ከተጠገነ በኋላ የአንዱ ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ መነቀል ማኅደሩን ያጠፋዋል። የኮዶቹን ትርጉም በደብተር የገለበጠ ሰው በሰፈሩ ተፈላጊ ነበር። ይህን ዘዴ ከስካነሩ ይበልጥ እወደዋለሁ፤ ዋጋው አንዲት ቁራጭ ሽቦ ነው።

በዚሁ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ አልቆ ነበር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በዚያች አገር የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ አውቶሞቢል አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖረው ሕጉ አስገደደ። ኦ.ቢ.ዲ. ሁለት የተባለው ይህ ነው። መሰኪያው 16 ቀዳዳ አለው፤ ቦታው ከመሪው ሥር ነው። በ16ኛው ቀዳዳ የባትሪ ኃይል ስለሚመጣ መመርመሪያው የራሱ ባትሪ እንኳ አያሻውም። ኮዶቹም አንድ ሆኑ፤ ፒ0300 ሲሊንደሮች ቃጠሎ እየሳቱ ነው፣ ፒ0171 ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል፣ ፒ0420 የጭስ ማጣሪያው ካታላይዘር ሥራውን አልሠራም። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች፤ የናፍጣዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆነ። መብራቱ የሚበራው ግን ሾፌሩ እንዳይቸገር ታስቦ አይደለም፤ ጭሱ ከተፈቀደው ልክ አንድ ተኩል እጥፍ ሊያልፍ ነው ተብሎ ሲገመት ነው። ከሎስ አንጀለስ ጭጋግ የተወለደ ሕግ ነውና ዓይኑ የተተከለው የጭስ ማውጫው ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካታላይዘሯ ተነቅሎ የተሸጠባት መኪና ፒ0420 ብላ ስትጮህ ባለቤቱ "ምን ጎደላት?" ብሎ ሲገረም፣ የሚጮኸው የካሊፎርኒያ ሕግ መሆኑን ማን ይነግረዋል።

ኩርሙክ በእነዚያ ዓመታት የመኪና መዓት አየ፤ ምክንያቱ ግን ደስ የሚል አልነበረም። በጥር 1989 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን አማፅያን የሱዳኑን ኩርሙክ ያዙ፤ ስደተኛው ወደ እኛ ፈለሰ። የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ በዚያው ዓመት ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በብሉ ናይል ግዛት ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ሌላ ማዕበል መጣና ባምባሲ ተጨመረ። አሶሳ የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድ ክሩዘር የሚርመሰመስባት ከተማ ሆነች።

የእነዚያ ላንድ ክሩዘሮች ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ዋን ኤች ዜድ ነበር። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። ነዳጁን የሚያድለው በማርሽ የሚዞር ፖምፓ ነው፤ ሞተሩን የሚመራ ኮምፒውተር የለውም። ዓለም ሁሉ መሰኪያ ሲተክል የእርዳታ ድርጅቶች መሰኪያ የማያስፈልገውን መርጠው ገዙ። ቅርብ ጋራዥ በሌለበት ጠረፍ ይህ ብልህ ምርጫ ነበር። ነጋዴውም ተመሳሳይ ሂሳብ ሠራ፤ "አልቃይዳ" የተባለው ኢሱዙ ኤንፒአር፣ "ቀይ ሽብር" የተባለው ሲኖ ትራክ ወደ አገራችን በብዛት የገቡት የድሮውን ዓይነት ፖምፓ ይዘው ነው።

ስካነሩ ሕዝብ እጅ የገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ሼንዘን ነው። በዚያች የቻይና ከተማ በ1992 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ላውንች በአዲሱ ሚሊኒየም መጀመሪያ ኤክስ 431 የተባለውን ባለ ስክሪን መመርመሪያ አወጣ፤ በ2004 የተቋቋመው አውቴልም ተከተለው። እስከዚያ ድረስ የየፋብሪካው መመርመሪያ በወኪሉ ጋራዥ ብቻ የሚገኝ ነበር፤ አሁን አንዱ መሣሪያ የቶዮታንም የኒሳንንም የመርሴዲስንም ኮምፒውተር ያናግር ጀመር። ሁለተኛው በር ካናዳ ነው። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ትንሽ ድርጅት በ2005 ኢኤልኤም 327 የምትባል ቺፕ ሠራ፤ የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ግን ከቅጂ አልጠበቀውም ነበር። ቻይና ውስጥ ያሉ አምራቾች ገልብጠው ዓለምን አጥለቀለቁት። የክብሪት ሳጥን የምታክል ፕላስቲክ መሪው ሥር ተሰክታ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትነጋገራለች። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫው ጎን ለጎን ትሸጥ ጀመር።

አዲስ አበባ ውስጥ "ኮምፒውተር ምርመራ አለ" የሚል ታፔላ የበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ቪትዙና ያሪሱ፣ ኮሮላውና ሃይሉክሱ ሁሉ ተሰለፈ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጥፋትም ተሠራ። ኮዱን ያነበበ ሁሉ መካኒክ ነኝ አለ። ፒ0171 ሲወጣ የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየራል፤ መብራቱ በሳምንቱ ተመልሶ ሲበራ ሌላ ሴንሰር ይቀየራል። ኮዱ ግን "ነዳጅ አንሷል" አለ እንጂ "ሴንሰሩን ቀይሩ" አላለም። ከአየር መለኪያው በኋላ የተሰነጠቀች አንዲት የጎማ ቱቦ ያልተለካ አየር እያስገባች ሊሆን ይችላል፤ የቤንዚን ፖምፓው ሊደክም ይችላል፤ ፊልትሮው ሊደፈን ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ያገለገለ መኪና ከመሸጡ በፊት ኮዱን አጥፍቶ ማቅረብ ነው። ጠንቃቃ ገዢ ይህንን የሚያውቅበት መንገድ አለ። ኮድ ሲጠፋ መኪናዋ በራሷ ላይ ያደረገቻቸው ፈተናዎች ውጤትም አብሮ ይጠፋል፤ ስካነሩ "ፈተናው አልተጠናቀቀም" የሚል ረድፍ ካሳየ ኮዱ ቅርብ ጊዜ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የመጡ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ መሰኪያው እያላቸው ከርካሹ መሣሪያ ጋር አይግባቡም፤ ሕጉ የአሜሪካ እንጂ የጃፓን አልነበረማ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጫነው ቀረጥ እጅግ ከባድ ስለነበር ያለውን መኪና ጠግኖ መንዳት ይበልጥ አዋጪ ሆነ። ስካነር የያዘ መካኒክ ሥራ አላጣም።

ወደ አሶሳ መሣሪያው የደረሰው ከሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ጋር ነው ብል አልሳሳትም። ይህ መኪና እንደ ዋን ኤች ዜድ አይደለም። ነዳጁ በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትዕዛዝ ይረጫል፤ ሚኒሞ ላይ እንኳ ግፊቱ 30 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ጭነት ሲበዛ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የናፍጣ ቱቦ በቁልፍ እያላሉ ታማሚውን ሲሊንደር መፈለግ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። የድሮው ብልሃት አደጋ ሆነ ማለት ነው፤ አሶሳ ያለ መካኒክ ስካነር ለመግዛት የተገደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከጠረፍ የመጣች ሃይሉክስ ብዙ ጊዜ ይዛ የምትመጣው ኮድ ፒ0087 ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከሚፈለገው አንሷል ይላል። ችኩሉ መካኒክ "ፖምፓው ሞቷል" ብሎ ባለቤቱን አዲስ አበባ ይልከዋል፤ ለዚያ ፖምፓ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሚያውቀው ግን መሣሪያውን ኮድ ከማንበብ ወደ ቀጥታ መረጃ ይቀይረዋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ግፊትና በእርግጥ ያለው ግፊት። ሚኒሞ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ረዳቱ ጋዝ ሲረግጥ የሚፈለገው ሽቅብ ይወጣል፤ ያለው ግን ትንሽ ተከትሎ ይቀራል፣ ከዚያ ይወርዳል። ነዳጅ እየተፈለገ አይደርስም ማለት ነው። "ናፍጣ የት ቀዳህ?" ይላል መካኒኩ። "በጀሪካን ነው፤ ማደያው ደረቅ ነበር።" ፊልትሮው ይወርዳል፤ ሥሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈሰው ናፍጣ ሳይሆን ውሃና ቀይ ጭቃ ነው። ፊልትሮ ተቀይሮ፣ ታንከሩ ታጥቦ፣ ቁጥሮቹ እንደገና ጎን ለጎን ሲሄዱ ኮዱ ይጠፋል። መጥፋት ያለበትም ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

ከፍታውም በስክሪኑ ላይ ቁጥር ሆኖ ብቅ አለ። የአየር ግፊት ሴንሰር ባላት መኪና ላይ ቁልፉን አብርቶ ሞተሩን ሳያስነሱ ሲያነቡት ሴንሰሩ የአካባቢውን አየር ይለካል። አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያነባል፤ አሶሳ፣ በ1,550 ሜትር ገደማ፣ 84 አካባቢ፤ ኩርሙክ ቆላው ውስጥ ከ90 በላይ። ሥራውን አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ኩርሙክ ወርዶ ይህን ሲያይ ሴንሰሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ሴንሰሩ ግን ልክ ነው። ድሮ ሾፌሩ ኮፈን ከፍቶ የሚያስተካክለውን ኮምፒውተሩ ራሱ እያስተካከለ ነው የወረደው።

በ2010ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ወለጋና በቤንሻንጉል ጉሙዝ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ከአዲስ አበባ በነቀምቴና በመንዲ የሚመጣውን መንገድ ደጋግሞ ዘጋው። ፖምፓ "ከአዲስ አበባ አስመጣ" ማለት ሳምንታት መጠበቅ ሆነ። በእርግጠኝነት የሚመረምር ሰው ዋጋ የጨመረው ያኔ ነው፤ በግምት የታዘዘ ዕቃ ከእጀባ ጋር መጥቶ ካልገጠመ የሚመለስበት መንገድ የለም። የመሣሪያው የራሱ ችግርም ነበር። ላውንችም አውቴልም ሶፍትዌራቸው በየዓመቱ ይታደሳል፤ እድሳቱ ኢንተርኔትና ዶላር ይፈልጋል፤ ጠረፍ ላይ ሁለቱንም ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙው መሣሪያ በተገዛበት ዓመት ሶፍትዌር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራች መኪና ስትመጣ አያውቃትም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ኩርሙክ እንደገና ከመተማ ጋር የስደተኛ መግቢያ በር ሆነ። በዚያው ወረዳ አልያይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሥራ ጀመረ። የከባድ ማሽኖቹ መሰኪያ ክብና ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ነው፤ ጄ1939 በሚባል ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። ለሃይሉክስ የተገዛው ስካነር አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ አይሠራም።

ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። የቢዋይዲና የፎልክስዋገን አይዲ የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባን ሞሏት። እነዚህ ጭስ የላቸውም፤ ስለዚህ በጭስ ምክንያት የወጣው ሕግ አይመለከታቸውም። ባለ 16 ቀዳዳው መሰኪያ ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ፒ0171ን የመሰለ የጋራ ኮድ ግን አይጠበቅም። የባትሪው ጤንነት፣ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ፣ የኢንቨርተሩ ሙቀት ፋብሪካው በፈለገው ቋንቋ ነው የሚነገረው። ከ1996 በፊት ወደነበረው ዘመን ተመልሰናል።

ካሊፎርኒያ ይህንንም አይታለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ደንብ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችም የጋራ መሰኪያ እንዲኖራቸውና የባትሪያቸውን ጤንነት ለባለቤቱ እንዲያሳዩ አዘዘ። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ግን ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ያ ደንብ አይደርስባቸውም። ለጊዜው የእነሱን ባትሪ ማንበብ የሚፈልግ መካኒክ መንገዱ አንድ ነው፤ አዲስ ሶፍትዌር በዶላር ገዝቶ የሼንዘኑን መሣሪያ ማሳደስ።